ጋሼ ሦስት ጣት እና የትርንጎ ሙሾ

ባለፈው መጋቢት ፒያሳ ላይ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። የሱቁ ባለቤት ጓዳውን ሊያጸዳ አስቦ ነው መሰል አንድ አሮጌ የማባዣ ማሽን አውጥቶ በረንዳው ላይ አስቀምጦታል። እጀታው ዝጓል፤ ከበሮው ላይ የቀረው ጥቁር ቀለም እንደ ድስት ጥላሸት ደርቋል። የረፋዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀለሙ ላላ አለና ሽታው መጣ። ዘይት ዘይት፣ ሰም ሰም፣ እርጥብ ወረቀት እርጥብ ወረቀት ይላል። አርባ ዓመት ያህል ያልሸተተኝ ነገር አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ባለሱቁ "ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። "ምንም አልሆንኩም" አልኩት።

ሽታው የአንድ ሰው የጣቶች ሽታ ነበር። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። በሞተ ሰው ቂም አይያዝም ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ይዣለሁ፣ አጥብቄም ይዣለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ረስቼው አይደለም፤ ከነአያቱ አውቀዋለሁ። እሱ የሌላ ሰው ስም ሲያጠፋ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ እኔም የእሱን ስም ስዘል እጄ አይንቀጠቀጥም። እኛ ተማሪዎቹ "ጋሼ ሦስት ጣት" እንለው ነበርና እዚህም እንደዚያው ይጠራ።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጎንደር ውስጥ ያለው የትምህርት ቤታችን የግንብ አጥር በቀይ ቀለም በተጻፉ መፈክሮች ተሸፍኖ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ግራ እጃችንን አንስተን እንዘምራለን፤ ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ፣ እሑድ የኪነት ልምምድ አለ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ጋሼ ሦስት ጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አማርኛ ያስተምራል። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። ክርኑ ላይ የተጣፈ የኻኪ ኮት ይለብሳል፤ በደረት ኪሱ ጥቁር፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ይሰካል። የትምህርት ቤቱን ፈተናዎች ሁሉ በማሽን የሚያባዛው እሱ ስለነበር ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል፤ በሳሙናም አይለቅም ነበር።

በየአሥራ አምስት ቀኑ ስለ አንድ ግጥም አጭር ጥናት እንድንጽፍ ያዘናል። የጥናቱ ሥርዓት እንደ ቅዳሴ ሥርዓት ነው፣ አንዲት ነገር አትዛነፍም። በሉክ ወረቀት ላይ ሁለት ገጽ ብቻ። ርእሱ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ አይሰመርበትም። ስንኞቹ ከጽሑፉ አንድ አውራ ጣት ገባ ብለው ለብቻቸው ይቆማሉ። ከገጹ ግርጌ አጭር መስመር ይሰመርና ከመስመሩ በታች ግጥሙ ከማን አፍ፣ የት፣ መቼ እንደተሰማ ይጻፋል። በግራ በኩል ደግሞ ሦስት ጣት ህዳግ ይተዋል። ሦስት ጣት ሲል የራሱን ጣት ነው። የእኛ ጣት ቀጭን ስለሆነ ህዳጋችን ሁልጊዜ ይጠብና ነጥብ ይቆረጥብናል። በወንበሮቹ መሐል እየተዘዋወረ እነዚያን ጥቁር ጣቶቹን ወረቀታችን ላይ ያጋድማል፤ ቃል አይናገርም፤ የጎደለውን አይቶ ያልፋል። ኋላ ላይ ብልህ የሆንን ተማሪዎች የእሱን ጣት ልክ ከክብሪት ሳጥን ቀደን አበጀንና በደብተራችን ውስጥ መያዝ ጀመርን።

"ይህ ግጥም ደስ ይላል" ብሎ የጻፈ ወዮለት። አንድ ጊዜ እኔን አስነስቶ "ደስ እንዳለሽ ለእናትሽ ንገሪ" አለኝ። "ለእኔ ስንኙ ምን እንዳደረገ ጻፊልኝ።" ሁለት ገጽ ያለፈ ሰው ደግሞ ወረቀቱ ላይ በቀይ እንዲህ ተጽፎ ይመለስለታል፦ "ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ግጥሙ ሳይሆን ስለ ራስህ ነው።" እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደ እሱ ያስተማረኝ ሰው የለም። ጽሑፌን ለመጀመሪያ ጊዜ ለክፍሉ ያነበበ ዕለት ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን ድረስ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ይህን የምናገረው ላመሰግነው አይደለም። በደሉ ለምን እንዳልወጣልኝ እንዲገባችሁ ነው።

በዚያው ዓመት የአባቴ እኅት ትርንጎ ከዳባት በላይ ካለው አገሯ ለዐይን ሕክምና መጥታ እኛ ዘንድ ተቀመጠች። ባሏ አያ ፈንቴ ሞቶ ገና ዓመቱ አልሞላም፤ ዐይኗም የታመመው በልቅሶ ነው ይባል ነበር። እትዬ ትርንጎ በአገሯ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት። ሰው ሲሞት ከሦስት ቀበሌ ማዶ እየመጡ ይወስዷታል። የባሏንም ልቅሶ ራሷ አወረደችው እየተባለ በቤታችን ይወራ ስለነበር ያንን ሙሾ ለጥናቴ ፈለግሁት።

ችግሩ ሙሾ ሰው ባልሞተበት ቤት አይባልም። ሟርት ነው። ጉዳዩን ሳነሳባት እትዬ ትርንጎ አፌን በመዳፏ ከደነችው። "ምነው ውቤ! አባትሽ በሰላም በገባበት ቤት?" አለችኝ። አባቴ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ስለነበር ደኅና መግባቱ ሁልጊዜም የሚያሳስበን ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን ግን እሷው ራሷ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣችና ቀሃ ወንዝ ዳር ይዛኝ ወረደች። ከየትኛውም ቤት ርቀን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። "አንዴ ነው የምለው፤ አትድገሚኝ" ብላ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ ዝቅ ባለ ድምፅ አወረደችው። ረጅም ነበር። እኔ ጥናቴን የሠራሁት ግን በእነዚህ ሁለት ስንኞች ላይ ነው፦

በሬዎቹ ቆመው ቀንበር ይጠብቃሉ፣
ባዶ ደጅ እያዩ አንገት ያዞራሉ።

እንደጨረሰች ፊቷን ጠራረገችና ወደ ደብተሬ አየች። በመሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥረዋት ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ትምህርት የቀራት ግን የራሷ ስም ብቻ ነው። "ስሜን ጻፊው" አለችኝ። "ፈንቴን ያለቀሰችው ትርንጎ አደራው ናት በይ። ድምፄ እንደሁ ሜዳ ላይ ነው የሚቀር፤ ስሜ እንኳ በማሽን ተጽፎ ልየው።" እጽፈዋለሁ አልኳት። ቃል ሰጠኋት ማለት ነው።

ጻፍኩት። ሙሾው "ሞተ" የሚል ቃል አንድም ቦታ እንደሌለው፣ ሞቱን የሚነግሩን በሬዎቹ መሆናቸውን፣ ሰው የጠፋበት ደጅ በከብት አንገት እንዴት እንደሚታይ ጻፍኩ። ህዳጉን በክብሪት ሳጥኑ ለካሁ። ግርጌው ላይ የአክስቴን ስም ከነአባቷ፣ አገሯን፣ ወንዙን፣ ቀኑን አሰፈርኩ። ጋሼ ሦስት ጣት አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና "ይህ እኔ ጋ ይቆይ" አለኝ። መምህራን በየጊዜው የሚያወጡት በማባዣ ማሽን የሚታተም መጽሔት ነበራቸው። እዚያ ላይ ሊያወጣልኝ ነው ብዬ ለእትዬ ትርንጎ አበሰርኳት። ዐይኗ ድኖ ወደ አገሯ ልትመለስ የነበረችው ሴትዮ መጽሔቱ እስኪወጣ ብላ ሁለት ሳምንት ቆየች።

መጽሔቱ ሲወጣ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ሳልገልጠው ሮጬ ወሰድኩላት፤ እሷ ትቅደም ብዬ። እትዬ ትርንጎ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች በጭኗ ላይ አድርጋ በሌባ ጣቷ መፈለግ ጀመረች። የቀሩትን ፊደላት ስለማታውቃቸው እንደ ጠጠር እየዘለለች የራሷን አራት ፊደል ብቻ ትፈልጋለች። ገጹን ገለጠች፣ ገለጠች። ጣቷ ጠቆረ። መጨረሻው ገጽ ላይ ደርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ "የለሁም" አለችኝ።

ነጥቄ አየሁት። ሙሾው አለ። በሬዎቹ አሉ። የእኔ ዐረፍተ ነገሮች፣ ከነጠላ ሰረዞቻቸው፣ አሉ። ከርእሱ ሥር ያለው የእሱ ስም ነው። ግርጌው ላይ፣ ከአጭሯ መስመር በታች "ከሰፊው ሕዝብ የተሰበሰበ" ይላል። ለአክስቴ ሌላ መጽሔት አለ፣ በሚቀጥለው ይወጣል ብዬ ዋሸኋት። እሷም አምናኝ ሄደች።

በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቅሁት። የአክስቴን ስም ለምን እንዳጠፋው ጠየቅሁት። አልተቆጣም፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ልጄ፣ ሙሾ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው" አለኝ። "የአንዲት ባልቴት ስም ምን ይጨምርለታል?" የእርስዎስ ስም ምን ጨመረለት ማለት አፌ ላይ ደረሰ። አልወጣልኝም። በዚያን ጊዜ መምህር ላይ እንዲህ ማለት ከባድ ነበር፤ በዚያ ላይ "ሰፊው ሕዝብ" ያለ ሰው ላይ ማን ይመልሳል? እየሳቀ ገባ። እዚያው በር ላይ ቆሜ አሳይሃለሁ አልኩ። እንዴት እንደማሳየው ግን አላውቅም ነበር።

መንገዱን የከፈተልኝ እሱ ራሱ ነው። በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የባህል ጉባኤ ሊደረግ ነው ተባለ። በጉባኤው ጥናቱ የተመረጠለት ሰው አዲስ አበባ ይሄዳል። ከበላይ የመጣው መመሪያ ደግሞ የአርሶ አደሩ ተሳትፎ በግልጽ ይታይ፣ ግጥም የሰጡ ገበሬዎች በስማቸው ይጠቀሱ የሚል ነበር። ጋሼ ሦስት ጣት ክፍል ገብቶ "ስምና ቦታ የጎደለው ጥናት አልቀበልም" አለን። ደሜ ፈላ። ለትርንጎ ሲሆን ያልተገባው ስም በመመሪያ ሲታዘዝ ተገባ። ያን ቀን ወጥመዴን መሥራት ጀመርኩ።

በመሐሉ በነበረው ክረምት አባቴ ዛሪማ መንገድ ላይ ተመድቦ ስለነበር አብረነው ከርመን ነበር። ዛሪማ ገበያ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ብርቄ የምትባል ሴት አለች። አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ከተወለደች ጀምሮ መናገር አትችልም፤ በእጇና በቅንድቧ ግን ከማንም በላይ ታወራለች፣ ትቀልዳለች፣ ትሰድባለች። እኔ ተቀመጥኩና ከራሴ ልብ ይህን ጻፍኩ፦

ማኪናው አለፈ አቧራው ቀረልኝ፣
የሄደው ሰው ዱካ ዐይኔ ውስጥ ገባልኝ።

ስለ እሱም የምችለውን ያህል ያማረ ሁለት ገጽ አዘጋጀሁ። ህዳጉ ልክ ነው፤ ስንኞቹ አውራ ጣት ገባ ብለዋል። ግርጌው ላይ፣ ከአጭሯ መስመር በታች "ከወይዘሮ ብርቄ አያሌው አፍ፣ ዛሪማ ገበያ" ብዬ ቀኑን ጨመርኩ። ጋሼ ሦስት ጣት አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። "ይህ እኔ ጋ ይቆይ" አለኝ። በልቤ ይቆይ፣ ይቆይ አልኩ።

ጉባኤው በከተማው አዳራሽ ነበር። መድረኩ ቀይ ጨርቅ ለብሷል፤ ከፊት ባለሥልጣኖቹ፣ ከመሐል መምህራኑና ከየወረዳው የመጡ የገበሬ ማኅበር ተወካዮች፣ ከኋላ እኛ የኪነት ጓዶች ተቀምጠናል። ጋሼ ሦስት ጣት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ወጣና በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ አነበበ። ምስጉን አንባቢ ነበር፣ ይህንንም አልክድም። እንደጨረሰ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው አልበቃውም፤ ከራሱ ጨመረበት። "እኔ ራሴ ዛሪማ ወርጄ፣ ከወይዘሮ ብርቄ ደጅ ተቀምጬ፣ ቃሉን ከአንደበታቸው የሰማሁት ነው" አለ። ይህን እኔ አልጻፍኩለትም። የእሱ ነው።

ከመሐል አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ከዛሪማ የመጡ ተወካይ ናቸው፤ አጠገባቸው ያሉት አያ መኳንንት ይሏቸዋል።

"ጓድ መምህር፣ ያችው የገበያዋ ብርቄ ናት? ቆሎ ሻጭዋ?"

"አዎን አባቴ፣ እርሳቸው ናቸው።"

አያ መኳንንት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "እሰይ! የማርያም ያለህ! የብርቄ አንደበት ተፈታ? መቼ? ምነው እኔ ሳልሰማ?" ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ጎረቤቴ ናት እኮ! ከእናቷ ሆድ ስትወጣ ጀምሮ አንዲት ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በእጇ ነው የምታወራ። እናንተ ሰዎች፣ ይህ እኮ ተአምር ነው!" ከዚያ ወደ መድረኩ ተመለሱ። "በሉ ንገሩኝ እንጂ፣ ምን ብላ ጀመረች? አሮጊቷ እናቷ አለች፤ ነገ ማለዳ ሄጄ ላብስራት።"

ከሴቶቹ መሐል አንዷ እልል ብላ ጀምራ አቋረጠችው። ትንሽ ሳቅ ከኋላ ተነሣ፤ ወደ ፊት ሄደ፤ ባለሥልጣኖቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። የጉባኤው ሊቀመንበር አልሳቀም። "ጓድ መምህር፣ ምንድን ነው ጉዳዩ?" አለ። ጋሼ ሦስት ጣት ወረቀቱን ወደ ዐይኑ አስጠጋ። ግርጌውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያነብ ሰው አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ በሰው ራስ ላይ አሻግሮ እኔን ፈለገ፤ አገኘኝም። እኔ ዐይኔን አልሰበርኩም።

"የግርጌ ማስታወሻው የእኔ አይደለም" አለ።

"ጽሑፉስ የማን ነው?" አለ ሊቀመንበሩ።

ጋሼ ሦስት ጣት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከመድረክ ወረደ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ትርንጎ ጣቷ ጠቁሮ "የለሁም" ያለችኝ ትዝ አለኝ። አያ መኳንንት ግን ገና ቆመው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ቀስ ብለው ተቀመጡና "እንዲያው ለእናቷ ምን ደስ ባላት" አሉ። ያኔ አፈርኩ። ብርቄንም እኔ ሳላስፈቅዳት ነበር የተጠቀምኩባት። የእሱን ሥራ ነው የሠራሁት፤ ከማን ተማርሽው ብባል ከእሱ ነው የምለው።

አዲስ አበባ ሳይሄድ ቀረ። መምህራኑ ለሁለት ዓመት ያህል "አንደበት ፈቺው" እያሉ ተሳለቁበት። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ኮቱን ለብሶ፣ ሦስቱን እስክሪብቶ ሰክቶ ክፍል ገባና ስለ ግጥም ቤት አመታት አስተማረ። ለእኔ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቀጥሎ የጻፍኩትን ጥናት ሲመልስልኝ ላዩ ላይ በቀይ "ህዳጉ ግማሽ ጣት ይጎድለዋል" ብሎ ጽፎ ነበር። ለካሁት፤ እውነትም ይጎድል ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ጽሑፌን ለክፍሉ አንብቦት አያውቅም።

እትዬ ትርንጎ ጎንደር በመጣች ቁጥር "ስሜ ወጣ?" ትለኝ ነበር። "እየታተመ ነው" እላታለሁ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሦስተኛውን ሳትጠይቀኝ ሞተች። ቀብሯ ላይ ብዙ ሙሾ አውራጆች መጡ፤ እኔ ጥግ ይዤ ስለ እሱ ነበር የማስበው። በሰው ቀብር ላይ ሌላ ሰው መርገም ደግ አይደለም፤ አድርጌዋለሁ። እኔም ኋላ የአማርኛ መምህርት ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ተማሪዎቼን ከማን አፍ፣ የት፣ መቼ እያልኩ አስጨንቄያለሁ። ከእሱ ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን ያነሣል፤ እኔ አላየሁም እላለሁ። እንዲህ ሆነን አረጀን፣ እሱ ሞተ።

ማሽኑን ፒያሳ ባየሁ በሳምንቱ አንዲት ጎልማሳ ሴት በሬን አንኳኳች። ረጅም፣ ቀጭን ናት። ሰብለ እባላለሁ አለችኝና የማን ልጅ እንደሆነች ተናገረች። የአባቷን ጽሑፎች ሰብስባ ለመታሰቢያው ልታሳትም ነው። ሃያ ሁለት አጫጭር የግጥም ጥናቶች በኮምፒውተር አስጽፋ በክላሰር ይዛለች። "አባዬ ሊሞት ሲል 'ውባለም ካላየችው እንዳታሳትሚው' ብሎኛል" አለችኝ። "ህዳግና የግርጌ ማስታወሻ እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም አለ።" ይህን ስትለኝ ልቤ ትንሽ ሊራራ ሞከረ። አልፈቀድኩለትም። ተይልኝ፣ አየዋለሁ አልኳት።

ሦስት ቀን ሠራሁበት። ርእሶቹን መሐል አስገባሁ፤ ስንኞቹን ከጽሑፉ አራቅሁ። በሬዎቹ ላይ ስደርስ "ከሰፊው ሕዝብ የተሰበሰበ" የሚለውን ሰረዝኩና በእርሳስ ጻፍኩ፦ ከትርንጎ አደራው፣ ባሏን ፈንቴን ያለቀሰችበት፤ ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ ዳር፤ ቀኑንም ጨመርኩ። ሌላ ነገር አልነካሁም። ስሙን ከላይ እንዳለ ተውኩት። በገዛ መታሰቢያው መጽሐፍ፣ በገዛ ስሙ ሥር፣ በገዛ ሥርዓቱ ትርንጎ ለዘለዓለም ትቆምበት ብዬ ነው። ልጅቷ ብትቆጣ የምመልስላትን፣ ብታለቅስ የምላትን አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። ያን ሁሉ ዓመት ሳዘጋጀው የኖርኩት መልስ ነው።

ሰብለ መጥታ ገጽ በገጽ አየች። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ግርጌውን ሁለት ጊዜ አነበበች።

"ሴትዮዋ ማን ናቸው?" አለችኝ።

"አክስቴ።"

"ትንተናውስ የማን ነው?"

"የእኔ።"

አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣችና ከርእሱ ሥር ያለውን የአባቷን ስም በቀጥታ መስመር ሰረዘችው። በላዩ የእኔን ስም ጻፈች፤ የአባቴን ስም በየትኛው ሀ እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ጻፈችው። ከዚያ ክላሰሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ "የቀሩትስ?" አለችኝ።

ወንበሬን አስጠጋሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። በክፍላችን ጮክ ብለው የተነበቡ ነበሩና አልረሳኋቸውም። ይህ የዚያ ከአዘዞ የሚመላለሰው ልጅ ነው፤ ይህ የቄሱ ልጅ ነው፤ ይህ የጌትነት ነው። ጌትነት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ያልተመለሰ የክፍላችን ልጅ ነው፤ ሌላ የጻፈው ነገር በዚህ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ሰብለ አንድ ባንድ እየሰረዘች፣ የነገርኳትን ስም እየጻፈች ሄደች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ከሰዓት በኋላው ሳያልቅ የእሱ የሆኑ አራት ጽሑፎች ቀሩ። ሰብለ ወደ ቤቷ ስትሄድ እነሱን ብቻ ትታልኝ ሄደች። ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። አራቱም እኛ ከጻፍነው ሁሉ ይበልጡ ነበር፤ የእኛን መውሰድ አያስፈልገውም ነበር። ይህንን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት።